ርግብ፣ ቁራና ግሪሳ

ወፍን የአርነት ምሳሌ አድርጎ የጻፈ ሰው ብዙውን ጊዜ ማሽላ ጠብቆ የማያውቅ ሰው ነው። በጀውሃና በሸዋ ሮቢት ቆላ፣ ጥቅምት ብቶ የማሽላው ዛላ ወተት መቋጠር በጀመረ ሰሞን፣ የገበሬው ልጅ ጎሕ ሲቀድ ወደ ማማው ወጥቶ፣ ወንጭፉን ጨብጦ፣ ጠጠሩን ከጉልበቱ ሥር ቆልሎ፣ በአራት ባላ ላይ በተረበረበች መደብ ተወስኖ ጀንበር እስክትጠልቅ ይውላልና፣ ስለ ወፍ ነጻነት ቅኔ ቢዘርፉለት አስቀድሞ የሚጠይቀው «የማንን እህል እየበላች?» ብሎ ነው። ይሁን እንጂ ከጣርማበር ግርጌ ተነሥቶ ወደ አዋሽ የሚዘልቀው ይኸው የይፋት ቆላ፣ ክንፍን የተመኙ እስረኞች ያረጁበት፣ የባሕር ማዶ ሰዎች ወፍ ሊያጠኑ የተመላለሱበት፣ ወንጭፍና ዳዊትም ጎን ለጎን የኖሩበት ምድር ስለ ሆነ፣ ወፍና አርነት በመጻሕፍት እንዴት እንደ ተጣመሩ ከጥንቱ ጀምሮ ለሚተርክ ሰው የተመቸ መቆሚያ ነው።

የነገሩ መጀመሪያ መርከበ ኖኅ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚተርከው፣ የጥፋት ውኃ በጎደለ ጊዜ ኖኅ አስቀድሞ ቁራን ሰደደ፤ ቁራውም ሄዶ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ርግብን ቢሰድ፣ እርሷ ግን በመጀመሪያው ጊዜ ማረፊያ አጥታ፣ በሁለተኛው ጊዜ ደግሞ የወይራ ቅጠል በአፏ ይዛ ወደ መርከቡ ተመለሰች። የነጻነትን ምሳሌ ከእነዚህ ከሁለቱ አዕዋፍ መካከል ምረጥ የተባለ የዘመናችን ባለቅኔ፣ መስኮቱ እንደ ተከፈተለት ክንፉን ዘርግቶ የሄደውን ቁራ ቢመርጥ አይፈረድበትም፤ አባቶቻችን ግን ቁራውን ወቀሱት እንጂ አላመሰገኑትም፤ ተልኮ የቀረን ሰው እስከ ዛሬ «የቁራ መልክተኛ» እያልን የምንነቅፈውም ከዚያ ወዲህ ነው። እርግጥ በሦስተኛው ጊዜ ርግቢቱም ሄዳ ቀርታለች፤ እርሷን ግን ማንም አልወቀሳትም፤ ምሥራቹን አስቀድማ አድርሳ ነበርና። ክንፍ ያለው ፍጡር መሄዱ ብቻውን ምስጋና እንደማያሰጠው፣ ይዞት የተመለሰው ነገር እንደሚመረመር የሚያስተምረው ይህ አስተያየት፣ በኋላ ዘመን በጻፍነውና በሣልነው ሁሉ ውስጥ ሲመላለስ እናገኘዋለን።

ከኦሪት ቀጥሎ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የክንፍን ናፍቆት ያሳደረበት መጽሐፍ ዳዊት ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስን አንብቦ፣ ወደ ዳዊት የተሻገረ ተማሪ፣ ትርጓሜውን ሳያውቀው አስቀድሞ በቃሉ የሚይዘው በ54ኛው መዝሙር የርግብን ክንፍ ተመኝቶ ወደ ምድረ በዳ ሊሸሽ የሚሻውን የተጨነቀ ሰው፣ በ83ኛው በመሠዊያው አጠገብ ማደሪያ ያገኘችውን ወፍ፣ በ101ኛው በሰገነት ላይ ብቻዋን የቀረችውን፣ በ123ኛውም ወጥመዱ ተሰብሮላት ከአዳኞች እጅ ያመለጠችውን ነው። ዘማሪው ራሱ ከዋሻ ወደ ዋሻ ሲሳደድ የኖረ ሰው መሆኑን ለሚያስታውስ፣ ክንፍ በዚህ መጽሐፍ የታዳኝ ሰው ምኞት እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ በዙፋኑ ላይ የተደላደለ ንጉሥ የርግብ ክንፍ ምን ያደርግለታል? በሀገራችንም ሹመቱን ተነጥቆ ወደ ግዞት የሚወርድ መኰንን ዳዊቱን ታቅፎ መሄዱ የታወቀ ልማድ ነበርና፣ በየተራራው የተጋዘው ሰው ሁሉ ይህን የክንፍ ጸሎት ዘወትር በአፉ ሲመላለስ ኖሯል።

በአክሱም ዘመን ከጽርዕ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፊሳልጎስ ደግሞ የአራዊትንና የአዕዋፍን ጠባይ እየጠቀሰ መንፈሳዊ ምሥጢር የሚያወጣ መጽሐፍ ነው። በእርሱ ዘንድ ንስር አርጅቶ ዓይኑ በፈዘዘና ክንፉ በከበደ ጊዜ ወደ ፀሐይ ወጥቶ ያረጀ ላባውን አቃጥሎ፣ ወደ ምንጭ ወርዶም ሦስት ጊዜ ተነክሮ ይታደሳል፤ የጅንጁላቴ ልጆች ደግሞ ያረጁ ወላጆቻቸውን ላባ እየነቀሉና እያሞቁ ይጦራሉ። በዚያ መጽሐፍ ወፍ ሁሉ ሥራ አለው፤ ዝም ብሎ የሚበር አንድም የለም።

ስድስተኛው መቶ ዓመት በደረሰ ጊዜ ወፍ በሁለት ትረካዎች ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ በአንድ ዘመን ብቅ አለች። ወዲህ፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመነ መንግሥት፣ ቅዱስ ያሬድን ከገነት የተላኩ ሦስት አዕዋፍ በሰው አንደበት እንዳነጋገሩትና ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም እንዳሳረጉት፣ በዚያም ከሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ማኅሌትን ሰምቶ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ይዞ እንደ ተመለሰ ሊቃውንት ይተርካሉ። ከዚህ የሚቀጥለው የታሪኩ ክፍል ስለ አርነት ለሚጽፍ ሰው ይበልጥ የሚያስደንቅ ነው፤ ያሬድ በንጉሡ ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡም በዜማው ተመስጦ የተመረኮዘውን ጦር ሳያውቅ በእግሩ ላይ ተክሎበት፣ ሁለቱም ዜማው እስኪያልቅ ሳይሰማቸው ቆዩ፤ ደሙን ያየው ንጉሥ ደንግጦ የምትሻውን ለምነኝ ቢለው፣ ያሬድ ከቤተ መንግሥቱ ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ምድር ገብቶ ይመንን ዘንድ እንዲለቀው ብቻ ለመነ። በወፍ ክንፍ ሰማይ ደርሶ የመጣ ሰው በምድር ላይ ነጻ ለመውጣት የንጉሥን ፈቃድ መለመን አስፈለገው፤ ንጉሡም ከእርሱ ሊለይ ባይወድ እንኳ ቃሉን አላጠፈም።

ወዲያ ደግሞ፣ በየመን ላይ የነገሠው ሐበሻዊው አብርሃ በዝሆን የታጀበ ሠራዊት ይዞ ወደ መካ በዘመተ ጊዜ፣ መንጋ መንጋ ሆነው የመጡ አዕዋፍ ድንጋይ እያዘነቡ ሠራዊቱን እንዳጠፉት በቁርኣን ሱረቱል ፊል ይነገራል። ያው ቅዱስ መጽሐፍ የሳባን ንግሥት ወሬ ለሰሎሞን ያደረሰው ሁድሁድ እንደ ሆነ ይናገራልና፣ ክብረ ነገሥት ለነጋዴው ለታምሪን የሰጠውን ሥራ በይፋት አርጎባ መንደር ቁርኣን የቀራ ልጅ ለወፍ ሰጥቶ ያውቀዋል። ሁድሁድ ያለ ፈቃድ ጠፍቶ በመቆየቱ ሰሎሞን ሊቀጣው ዝቶ ነበር፤ የዳነውም ይዞት በመጣው ወሬ ነው። የኖኅ ርግብና የሰሎሞን ሁድሁድ በዚህ ረገድ እኅትና ወንድም ናቸው፤ በአንድ የይፋት ገበያ ጎን ለጎን የሚውሉት ክርስቲያንና ሙስሊምም ወፏን በአንድ ሚዛን ይመዝኗታል።

በ13ኛው መቶ ዓመት በሸዋ፣ በቡልጋ የተወለደው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደብረ ዳሞ በገመድ ሲወርድ፣ ሰይጣን ገመዱን ቢቆርጥበት ስድስት ክንፍ እንደ ወጣለት ገድሉ ይናገራል። ሠዓሊዎቻችን በአንድ እግሩ ቆሞ ሲጸልይ፣ ክንፎቹንም አጣጥፎ የሚያሳዩት ይህን ሁሉ አንድ ላይ አድርገው ነው። ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው፣ ክንፉ የተሰጠው ገመዱ በተበጠሰበት ቅጽበት ነው፤ የተሰጠውም በደኅና መሬት እንዲረግጥበት ነው፤ ጻድቁ ከዚያ ወዲህ በሥዕሉ ላይ የማይናወጥ ምሰሶ ሆኖ መቆሙ፣ ሠዓሊዎቹ ምሥጢሩን በሚገባ እንደ ተረዱት ያሳያል።

አቡነ ተክለ ሃይማኖት በኖረበት ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1285፣ የወላስማ ነገሥታት የሸዋን የመኽዙሚ ሱልጣኔት አጥፍተው ይፋትን የንግድ መንገድ ጌታ አደረጓት፤ ከግማሽ ምዕት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1332፣ ዐፄ ዓምደ ጽዮን የይፋቱን ሱልጣን ሰብረዲንን ድል ነሥቶ የሰብረዲንን ወንድም ጀማለዲንን በቦታው ሾመው። የዚህ ጦርነት ዝርዝር ከያዝነው ነገር ይወጣልና እናልፈዋለን፤ የወላስማ ቤት ግን ይጠበቅልን፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ቁልፍ ይዞ እናገኘዋለን።

በክርስቲያን ነገሥታቱ ዘንድ ደግሞ ወራሾችን በአምባ ላይ መዝጋት ልማድ በሆነ ጊዜ፣ አምባ ግሼን፣ በጎንደር ዘመንም አምባ ወህኒ፣ የንጉሥ ልጅ ከሕፃንነቱ እስከ ሽበቱ አድማሱን እያየ የሚኖርባቸው ከፍታዎች ሆኑ። ከእነዚህ አምባዎች በታች አሞራ ሲያንዣብብ እስረኛው ከበላዩ ሆኖ ጀርባውን ያያል፤ ከወፍ በላይ ተቀምጦ የታሰረ ሰው በሌላ ሀገር ታሪክ አይገኝም ብዬ ለመናገር ይቃጣኛል። ወሬው በፖርቱጋል ኢየሱሳውያን በኩል ወደ አውሮጳ ተሻገረ። ከእነዚህ አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1625 ወደ ኢትዮጵያ የገባው ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ መጽሐፍ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ገና በወጣትነቱ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1735 አሳተመው፤ ከሃያ አራት ዓመት በኋላም፣ በ1759፣ እናቱ በሞተችበት ሰሞን፣ ለቀብሯ የሚያስፈልገውን ገንዘብ ለማግኘት በጥቂት ምሽቶች «ራስላስ»ን ጻፈ።

ይህን መጽሐፍ በጥሞና ማየት ይገባል፤ የኢትዮጵያ እስረኛና ክንፍ በዓለም ሥነ ጽሑፍ የተገናኙት በእርሱ ነውና። የአቢሲኒያው መስፍን ራስላስ በተራሮች በተከበበ የደስታ ሸለቆ ውስጥ ምንም ሳይጎድልበት ይኖራል፤ ይህ ምንም አለመጉደል ራሱ ይሰለቸውና መውጫ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ በሸለቆው የሚኖር አንድ የእጅ ጥበብ ዐዋቂ፣ አየር ለክንፍ ውኃ ለዋናተኛ እንደሚሆነው ነው በሚል ምክንያት ለሰው የሚሆን ክንፍ ላብጅ ይለዋል፤ ጥበቡንም ለሌላ እንዳይገልጥበት ቃል ያስገባዋል፤ ክፉ ሰዎች ከሰማይ መውረድ ከቻሉ ግንብም ተራራም ባሕርም ደጋጎችን አያድናቸውምና። አንድ ዓመት ሙሉ ሲሠራ ከርሞ፣ ክንፉንም በሌሊት ወፍ አምሳል አበጅቶ፣ በተቀጠረው ዕለት ከሐይቅ ዳር ካለ ገደል ላይ ዘለለ፤ በዚያው ቅጽበት ውኃው ውስጥ ወደቀ። በአየር ያልረባው ክንፍ በውኃው ላይ አንሳፈፈው፤ መስፍኑም በድንጋጤ ግማሽ በድን የሆነውን ሰው ወደ ዳር ጎተተው። በመጨረሻ ራስላስ ነጻ የወጣው ሽኮኮዎች ጉድጓዳቸውን ሽቅብ አሳብረው እንደሚቆፍሩ አይቶ፣ ከባልንጀራው ከእምላክ ጋራ ተራራውን ሸንቁሮ ነው። ኢትዮጵያን ያላየው ጆንሰን የአርነትን መምህርነት ከወፍ ነሥቶ ለሽኮኮ መስጠቱ፣ በዓለቱ ሥር ሽኮኮ ሲሹለከለክ እያየን ላደግን ሰዎች ፈገግታን ይጭራል፤ ክንፍ ጠንቅ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል በእደ ጥበበኛው አፍ መናገሩ ግን የፈገግታ ጉዳይ እንዳልነበረ 176 ዓመት ቆይቶ ደሴ ላይ ይታያል።

ጆንሰን በልብ ወለድ የጻፈው እስራት በሸዋ በእውነት ነበረ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሸዋ በነገሠበት ዘመን የንጉሡ ወንድሞችና የሥጋ ዘመዶች የሚዘጉበት ወህኒ በይፋት፣ በአንኮበር ቁልቁለት፣ ጎንቾ በተባለ ኮረብታ ላይ ነበር፤ የወህኒው ጠባቂም የይፋት ገዢ የነበረው ወላስማ መሐመድ ነበር። ዓምደ ጽዮንን የተዋጋው የጥንቱ የሱልጣን ዘር፣ በዘመን ብዛት የክርስቲያን ነገሥታት ልጆች ቁልፍ ያዥ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው፤ እንዲህ ያለውን የታሪክ ምጸት ደራሲ ቢፈጥረው ኖሮ አጋነነ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 ከቦምቤይ ተልኮ የመጣው የእንግሊዝ መልክተኛ ሻለቃ ዊልያም ሃሪስ በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ንጉሡ በታመመ ጊዜ ስለ እስረኞቹ አማልዶ እንዳስፈታቸው ይተርካል። ለዓመታት በአንድ ግቢ ውስጥ የኖሩት መሳፍንት ወደ ንጉሡ ፊት ቀረቡ፤ ይቅርታ ተደረገላቸው፤ ምንም ክንፍ ሳይበቅልላቸው፣ ምንም ተራራ ሳይሸነቁሩ፣ በበሽተኛ ንጉሥ ፍርሃትና በአንድ እንግዳ ልመና በበሩ ወጡ። ሃሪስ የራሱን ድርሻ ከፍ አድርጎ መጻፉን ለመጠርጠር ምክንያት አይታጣም፤ የጎንቾ በር መከፈቱ ግን እውነት ነው።

ከሃሪስ በኋላ ወደዚሁ ቁልቁለት የመጡት ባሕር ማዶኞች ወፍን እጅግ ይወዱ ነበር፤ ፍቅራቸው ግን በጠመንጃ የሚገለጥ ነበር። የጣሊያኑ ኦራዚዮ አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1876 መጥቶ፣ ምኒልክ በአንኮበር አጠገብ በሰጡት በልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ አቋቁሞ፣ በ1882 እዚያው ሞቶ እስከ ተቀበረ ድረስ፣ አዕዋፍን እያደነና ቆዳቸውን እየሞላ ወደ ሀገሩ ይሰድ ነበር። በዚያው ዐሥር ዓመት ከዚህ ሥፍራ ከተገኙት መካከል ጉሮሮዋ ቢጫ የሆነች አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፤ ጥቂት ናሙና ከተወሰደ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል ማንም ሊቅ ሳያያት ቆይታ፣ በ1989 በዚሁ ወደ ይፋት በሚያዘቀዝቀው ቁልቁለት እንደ ገና ተገኘች። በመካከሉ የአድዋ ጦርነት ሆነ፤ ነገሥታት ተፈራረቁ፤ እርሷ ግን እሾሁ መካከል ዘር እየለቀመች ነበር።

የአድዋ ጦርነት በተቃረበበት ሰሞን በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ከባርነት የወጡ ወላጆች የወለዱት ፖል ሎረንስ ደንባር በሊፍት ሠራተኛነት ኑሮውን እየገፋ ግጥም ይጽፍ ነበር። በመጀመሪያ መድበሉ ውስጥ ለኢትዮጵያ የተቀኘው ውዳሴ አለበት፤ ኢትዮጵያ ሲልም በመላው ዓለም ያለውን ጥቁር ወገኑን ማለቱ ነበር። ከአድዋ ድል ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ በብረት ቀፎ ውስጥ ሆና ክንፏ እስኪደማ የምትታገለውን ወፍ ጻፈ፤ ማያ አንጄሎም በ1969 የሕይወት ታሪኳን መጽሐፍ ርእስ የወሰደችው ከዚሁ ግጥም ነው። የአውሮጳ ባለቅኔዎች ወፏን በሰማይ ላይ ሲያሞግሱ፣ የባሪያ ልጅ ግን የቀፎዋን ብረት አየ፤ ለምን እንደ ዘመረችም ከእነርሱ ይልቅ እርሱ ዐወቀ። ከመዝሙር 54 ወዲህ የክንፍ ናፍቆት በዚህ ዐይነት ጥራት የተነገረበትን ሌላ ቦታ አላውቅም።

ከደንባር ወገን የሆኑ ሰዎችም የወፍ ስም ይዘው ወደ እውነተኛይቱ ኢትዮጵያ መጡ። በትሪኒዳድ የተወለደውና «የሃርለም ጥቁር ንስር» የተባለው ሁበርት ጁሊያን፣ በ1923 ዓ.ም. ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ልምምድ ሲደረግ ንጉሡ የሚወዱትን አውሮፕላን ይዞ ተነሥቶ ከስክሶት፣ ከሀገር እንዲወጣ ታዘዘ፤ የራስላስን ክንፍ ሠሪ ያስታውሳል። «ቡናማው ኮንዶር» የተባለው ጆን ሮቢንሰን ግን በ1935 እ.ኤ.አ. መጥቶ፣ ጥቂት ያረጁ አውሮፕላኖች ብቻ የነበሩትን የኢትዮጵያን አየር ኃይል እየመራ በጦርነቱ ወራት በረረ፤ ከነጻነት በኋላም ተመልሶ ወጣቶችን በረራ እያስተማረ ኖሮ በ1954 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ዐረፈ። ሄዶ ያልቀረ ንስር ነበር።

በዚያ ጦርነት ግን ሰማዩ የሌላ ነበር። በኅዳር 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ በሰፈሩበት በደሴ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ክፉ ሰዎች ከሰማይ ቢወርዱ ምን ይሆናል ብሎ የጆንሰን ጥበበኛ የሰጋው ሁሉ ያለ አንዳች ጉድለት ደረሰ። በሚያዝያም የጣሊያኑ ጦር አዛዥ የባዶሊዮ ባለ መኪና ሠራዊት ከደሴ ተነሥቶ በይፋት ቆላና በጣርማበር በኩል ወደ አዲስ አበባ ዘለቀ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ «ራስላስ»ን ወደ አማርኛ መለሰው፤ የኢትዮጵያው መስፍን በእንግሊዝኛ ተወልዶ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ሲል በሀገሩ ቋንቋ ተናገረ። ክንፍ ሠሪው ያለውን የኢትዮጵያ አንባቢ ከአውሮፕላን ቦምብ በኋላ ማንበቡ፣ ለአንድ አረፍተ ነገር ያህል እንኳ ቀልድ ሆኖ እንዳይታየው አድርጎት ይሆናል።

በደብረ ሲና የተወለደው ዳኛቸው ወርቁ በ1962 ዓ.ም. «አደፍርስ»ን ባሳተመ ጊዜ ደብረ ሲናና ከበታቿ ያለው ቆላ ዘመናዊ ልብ ወለድ አገኙ። በእንግሊዝኛ የጻፈው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ታትሞ፣ አንድ ታማሚ ፊታውራሪ ከልጆቹ ጋራ ፈውስ ፍለጋ ወደ ዝቋላ አቦ የሚያደርገውን ጉዞ ይተርካል። የዝቋላው አባት አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በሥዕል የሚታወቁት በአናብስትና በአናብርት መካከል ቆመው፣ የተጠማች ወፍ ከዓይናቸው እንባ ስትጠጣ ነው። ለሰው ክንፍ የሚሰጡ ገድላት ብዙ ናቸው፤ ሰው ለወፍ ዓይኑን የሚሰጥበት ግን ይህ ነው፤ በይፋት ወፍ ጠባቂ ፊት ቢነገር ጻድቁ ማሽላ አልዘሩም ማለት ነው ሳይባል አይቀርም።

እዚህ ላይ ስለ ግሪሳ መናገር ግድ ነው፤ የይፋት ሰው ስለ ወፍ ካሰበ የሚያስበው ስለ እርሷ ነውና። ግሪሳ ክብደቷ 20 ግራም ያህል የሆነ፣ ምንቃሯ ቀላ ያለ፣ ለብቻዋ ብትታይ ማንም የማይፈራት ወፍ ናት። ኃይሏ በብዛቷ ነው። አንዲቱ በቀን 10 ግራም ያህል ዘር ትበላለች፤ አንድ ሚሊዮን የሆነ መንጋ እንግዲህ በቀን 100 ኩንታል ያጠፋል፤ በአዋሽ ተፋሰስ የግራር ጥሻ የምትሠፍረው መንጋ አንዳንድ ጊዜ ከዚህም ይበልጣል። የምትመጣው ጧት በማለዳ ነው፤ ቀትር ላይ ጥላ ትፈልጋለች፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ እንደ ገና ትመለሳለች፤ ስለዚህ ጠባቂውም የሚተነፍሰው በቀትር ብቻ ነው። ከቃጫ የተገመደውን ወንጭፍ ሦስቴ አሽከርክሮ አንዱን ጫፍ ሲለቀው ጠጠሩ እያፏጨ ይሄዳል፤ ጅራፉ ይጮኻል፤ ከማማ ወደ ማማ በተዘረጋው ገመድ ላይ የተንጠለጠለው ቆርቆሮ ይንኳኳል፤ መንጋውም በአንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ ዞሮ፣ በጎረቤት እርሻ ላይ ያርፋል። ያን ጊዜ የጎረቤት ወንጭፍ ይሰማል። የመስከረም ዘፋኝ ሁሉ የሚያሞግሳት፣ ክረምት ሲወጣ ቀይና ቢጫ ላባ ለብሳ የምትታየው የመስቀል ወፍ የዚችው የግሪሳ የሥጋ ዘመድ መሆኗን ባለቅኔዎቻችን አንሥተውት አያውቁም፤ ገበሬው ግን ሁለቱንም በዛላው ላይ ተቀምጠው አይቷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣው ጋራ ግሪሳንም ተዋጊ ሆነ። አውሮፕላኑ የሚረጨው መንጋዋ ለማደር በተሰበሰበችበት በምሽት ነው፤ መርዙ ግን ግሪሳን ከሌላው አይለይም፤ የሞተችውን ለቅሞ የሚበላ ጭልፊትም አብሮ ይጠፋል። በዚሁ ስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የሚያንዣብቡ ታላላቅ አዕዋፍ፣ 37 ዐይነት ያህል ንስርና ሽመላ፣ ጭልፊትና አሞራ፣ ከአውሮጳና ከእስያ ወደ አፍሪካ ይፈልሳሉና፣ በይፋት ሰማይ የሚታየው ሁሉ የይፋት ወፍ አይደለም። ባለ ፓስፖርቱ ሰው በየኬላው ሲቆም እነርሱ ድንበር እንደማያውቁ እየተባለ ብዙ ተጽፏል፤ የሚያርፉበት ረግረግና ዛፍ ሲጠፋ ግን ድንበሩን ያውቁታል።

በደርግ ዘመን የእስረኛ ሥነ ጽሑፍ ከቤተ መንግሥት አምባ ወርዶ ወደ ከተማ እስር ቤት ገባ። በማዕከላዊ የታሰረው ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚቼልን ታላቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ሲተረጉም ከርሞ፣ ወረቀቱ 3,000 ያህል ቅጠል ሆነ፤ የሚፈታ ሰው በሲጋራ ፓኮ ሸሽጎ ጥቂት ጥቂት እያወጣለት፣ በኋላ ተሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታተመ። እነዚያ ቅጠሎች የወጡት በርግብ አፍ ባይሆንም፣ ከያዟቸው ሰዎች አንዱ እንኳ የቁራ መልክተኛ ሆኖ ቢቀር ኖሮ መጽሐፉ ጎደሎ ይሆን ነበር።

በ1985 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ የሚኖረው የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልም ሠራ። ሳንኮፋ በጋና የአካን ሕዝብ ዘንድ አንገቷን ወደ ኋላ መልሳ የምትሣል ወፍ ናት፤ ፊልሙም የዘመኗን ኑሮ የምትኖር አንዲት ጥቁር ሴት ወደ ባሪያ እርሻ ተመልሳ የአያቶቿን መከራ ስታይ ያሳያል። ኃይሌ በዋሽንግተን ለከፈተው የመጻሕፍት ቤትም ይህንኑ ስም ሰጠው። ነጻ ለመውጣት ወደ ኋላ የምትዞር ወፍ መምረጡ ለጋናውያን ዕውቀት የተደረገ አክብሮት ነው፤ ይሁን እንጂ በኖኅ ርግብ ላደገ ኢትዮጵያዊ ምርጫው እንግዳ አልነበረም።

ይፋትም ወደ ቀድሞ ልማዷ ተመለሰች። ዛሬ በሸዋ ሮቢት ከተማ ስም የሚጠራው ማረሚያ ቤት በመላው ሀገር የታወቀ ነው፤ ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቂሊንጦ እስር ቤት በተቃጠለ ጊዜ ብዙ እስረኞች ወደዚያ ተዛወሩ። ከአዲስ አበባ ለመጠየቅ የሚመጣው ቤተ ዘመድ ስንቁን ይዞ ጣርማበርን በዋሻው አልፎ፣ ከደጋው ብርድ ወደ ቆላው ሙቀት ወርዶ፣ በሽንኩርትና በማሽላ እርሻ መካከል ይጓዛል። በመጻሕፍት ከጎንቾ ይልቅ ስለዚህ ቤት ገና ብዙ ያልተጻፈ አለ፤ የሚጽፉትም ከውስጥ የወጡት ይሆናሉ።

በጀውሃ ሜዳ ግን በዚህ ዘመን አንድ ሌላ ነገር ሆኗል። ገበሬው ከማሽላው ጎን ማሾ መዝራት አብዝቷል፤ ነጋዴው እግሩ ድረስ መጥቶ ስለሚገዛው፣ ቶሎ ስለሚደርስና ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ። ማሾ በቆባው ውስጥ የሚበስል ጥራጥሬ ነውና ግሪሳ አትነካውም፤ ማሾ የዘራ ሰው ማማ አይሠራም፤ ልጁንም በጥቅምት ከትምህርት ቤት አያስቀረውም። በዚያው ድንበር ማሽላ የዘራው ጎረቤቱ ግን አሁንም ባላ ይቆርጣል፤ ቆርቆሮ ያንጠለጥላል፤ መንጋዋም ማሾውን ተሻግራ ወደ እርሱ ስለምትመጣ፣ የሁለት ሰው ወፍ ለብቻዬ ጠበቅሁ እያለ ሽማግሌ ፊት መክሰስ ጀምሯል።